በጨፋ ሜዳ ላይ የሠራነው ዳገት

የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት በስብሰባ ላይ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። «መሥራቱስ ጥሩ ነበር፤ ግን ለማን ብለን ነው የምንሠራው?» ይባላል። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ዙሪያውን ሲቃኝ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቢሮው የሚመጣ ባለጉዳይ አያይም፤ በነጭ በትር መንገዱን እየዳሰሰ በከተማው ዋና ጎዳና የሚያልፍ ሰው ከስንት አንዴ ቢያጋጥመው ነው፤ ቀበሌው ሲሰበሰብ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይምጣልኝ ያለ ነዋሪም አያስታውስም። ስለዚህ ያለችውን ጥቂት በጀት ማንም በማይረግጠው መወጣጫ ላይ ማፍሰስ ብክነት መስሎ ይታየዋል። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ሞልቷል። በከሚሴና በዙሪያዋ ግን የሚያጠናክረው ሌላ ነገር አለ። ከሚሴ ያለችበት የጨፋ ሸለቆ ሰው ለጋስ ነው። ደጁ የቆመን ችግረኛ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ዘካውንም ሰደቃውንም ለአካል ጉዳተኛ ሲሰጥ ሳይሰስት ነው። «እኛ አካል ጉዳተኞቻችንን አልረሳንም» ሲል ከልቡ ነው፤ እውነትም አለው።

ክርክሬ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በጨፋ ሸለቆ አካል ጉዳተኛውን ከገበያው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሸንጎውና ከሥራው ያራቀው በዋናነት ጭካኔ አይደለም፤ የገንዘብ እጥረትም ብቻ አይደለም። «እሱን ተዉት፣ አይቸገር» የሚለው ርኅራኄያችን ነው። ይቅር ያልነው ሰው ይቀራል። የቀረ ሰው አይታይም፤ ላልታየ ሰው ደግሞ መንገድ አይሠራም። ከዚያ በኋላ «ለማን ነው የምንሠራው?» ብለን እንጠይቃለን።

ያልተቆጠሩት

መጀመሪያ «ጥቂት ናቸው» የሚለውን እንየው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገሪቱ ያገኘው የአካል ጉዳተኞች ብዛት ከ865 ሺህ ያነሰ ነው፤ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የወቅቱ ሕዝብ አንድ በመቶ አካባቢ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ የተጠቀሰው 17.6 በመቶ ነው። ልዩነቱን ወደ ዞኑ ብናመጣው እንዲህ ይሆናል። ከሚሴ ያለችበት የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በዚያው ቆጠራ ከ457 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። በአንዱ ስሌት በአምስቱ ወረዳዎችና በከተሞቹ ያሉት አካል ጉዳተኞች አምስት ሺህ ያህል ይሆናሉ፤ በሌላው ስሌት 80 ሺህ ይደርሳሉ።

ይህን የሚያህል ርቀት የመጣው በአብዛኛው ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ቢል አባወራው የሚያስበው እግር የሌለውን ወይም ሁለት ዓይኑ የጠፋውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ለሰው ፊት አውጥቶ መናገር ይከብደዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የዋሽንግተን ግሩፕ መጠይቅ ግን ስያሜውን ጨርሶ አያነሳም። ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራስን ለመንከባከብና ከሰው ጋር ለመግባባት ምን ያህል ትቸገራለህ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ አጠያየቅ በትራኮማ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን እየቧጨረ ከጭስ ቤት የማትወጣው እናት ትቆጠራለች። ሥጋ ደዌ እግሩን አደንዝዞበት ቁስሉ የማይሽርለት ገበሬ ይቆጠራል፤ ጆሮአቸው የከበደ ሽማግሌም እንደዚሁ። በዚህ ላይ የአማራ ክልል በዓለም ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑንና ያለፉት ዓመታት ግጭቶች በዚህ መስመር ያደረሱትን ስናስብ፣ በ2013 አጣዬና ዙሪያዋን፣ በ2014 ደግሞ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን ማለቴ ነው፣ ቁጥሩ ቀንሷል ብሎ የሚያምን ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ሜዳው አልበደለም

ደሴ ተራራ ሥር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዳገትና ቁልቁለቷ ለተሽከርካሪ ወንበር አስቸጋሪ ነው ቢባል ተፈጥሮን መውቀስ ይቻል ይሆናል። ከሚሴ ግን ይህ ሰበብ የላትም። ቦርከና ወንዝ እየተጠማዘዘ የሚያልፍበት የጨፋ ሸለቆ ወለሉ ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልትም ከተማዋን መሐል ለመሐል አቋርጦ ያልፋል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ በክራንችም በተሽከርካሪ ወንበርም መንቀሳቀስ ቀላል መሆን ነበረበት። ዳገቱን ያመጣነው እኛ ነን። ከአስፋልቱ ወርደህ ወደ ሱቅ ለመግባት ክፍት የውሃ መውረጃ ቦይ መሻገር አለ፤ መሻገሪያው አንዳንድ ቦታ ጠርዙ የተሰበረ የሲሚንቶ ክዳን ነው፤ ሌላ ቦታ ሁለት እንጨት። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ይጠብቅሃል።

የግንባታ ባለሙያዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሱም ውድቅ የሚደረግ አይደለም። ጨፋ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ የሸለቆው ከፊል ረግረግ ነው፤ ስለዚህ የቤት ወለል ከመሬት ከፍ ካላለ ጎርፍ ይገባል። ትክክል ነው፤ ወለሉ ከፍ ይበል። ከፍ ያለ ወለል ግን የግድ ደረጃ ብቻ ይኑረው የሚል ሕግ የለም። ባለ ሦስት ደረጃ መግቢያ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዓለም ላይ በተለመደው የመወጣጫ ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይያዛል፤ ለ45 ሴንቲ ሜትሩ 5 ሜትር ከ40 ይበቃል ማለት ነው። ይህም ከግንባሩ ጋር ጎን ለጎን ሊሠራ ይችላል። የሚፈልገው ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጥቂት ሲሚንቶና ከሁሉ በላይ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ያሰበ ሰው ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ሲታሰብ ደረጃ ማፍረስ፣ በር ማስፋት፣ ከጎረቤት ጋር በወሰን መነታረክ ይከተላል። «ውድ ነው» የሚባለውም ያኔ ነው፤ ያስወደደው ግን መዘግየቱ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ከወጣ ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ፣ ለእነሱ የሚሆን መጸዳጃም እንዲኖረው አስገድዷል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አዲስ ሕግ እስኪወጣ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ፕላን የሚያጸድቀውና ሕንፃው ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም አንድ ጊዜ «አልፈርምም» ቢል ከብዙ ዙር የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይልቅ ውጤት ያመጣል።

«እሱን ተዉት»

ይሁንና ነገ ሁሉም ደረጃ በመወጣጫ ቢተካ የጨፋ አካል ጉዳተኛ ከቤቱ ይወጣል ወይ? ብዙዎቹ አይወጡም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የሚጠራቸው የለም። በወሎ የኑሮ ማሰሪያው ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ቅሬው ነው። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ራሱ የአባልነት ምልክት ነው፤ የሚቀጣው የሚጠበቅ ሰው ነውና። ዓይነ ስውሩ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ጎረቤት ግን ከመዋጮውም ከሥራውም «ይቅርለት» ይባላል። ሲሞትበት ቅሬው እንደማንም ይቀብርለታል፤ ምሕረቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን መዋጮ ያልከፈለና አካፋ ያልያዘ ሰው ስብሰባ ላይ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው ሲናገር ማን ይሰማዋል? ዕዳ የሌለበት ሰው ድምፅም የለውም። ድንኳን መትከል ባይችል መዝገብ መያዝ ይችላል፤ መቃብር ባይቆፍር በስልክ አባላትን ይጠራል፤ ገንዘብ ያዥ ይሆናል፤ ለቀስተኛ ያጽናናል። ይህን ሥራ የሚሰጠው ቅሬ አባል ይጨምራል፤ በዚያ ላይ አካል ጉዳተኛው ከስብሰባው የማይቀር ሰው ስለሆነ የስብሰባው ቦታ ራሱ ይታሰብበታል።

የሸለቆው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ በመስጊዱ ቋንቋ መነጋገር የግድ ነው። የነቢዩ ባልደረባ የነበረውን የዓይነ ስውሩን የአብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን ታሪክ የማያውቅ የለም። ሱረቱ አበሰ የወረደው ይህ ዓይነ ስውር ሊማር ቀርቦ ሳለ ፊት የተዞረበት ጊዜ ነው። ኢብን ኡሙ መክቱም ከቢላል ጋር አዛን የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ሲወጡም ከተማዋን በእሱ ኃላፊነት ትተው የሄዱበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ዘገባ ነው። ወደ መስጊድ የሚመራኝ ሰው ስለሌለኝ ቤቴ ልስገድ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ አዛኑን ትሰማለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ አዎን ሲል ጥሪውን እንዲመልስ ታዘዘ። ሊቃውንት ስለ ድንጋጌው የሚሉትን ለእነሱ እተዋለሁ። ለኛ ጉዳይ ግን የሚነግረን ግልጽ ነው፤ ከጀመዓው በርኅራኄ አልተሰናበተም። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የመስጊዱ ነው። የውዱእ ቦታው ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለማይችል ሰው ይመቻል? የጁመዓ ኹጥባ ሲደረግ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ከግድግዳ ሥር ተቀምጠው የሰው ከንፈር ብቻ ያያሉ ወይስ በምልክት ቋንቋ የሚነግራቸው አለ?

በመንግሥት በኩልም ያው «ተዉት» በሌላ ልብስ ይመጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚውን በሁለት ይከፍላል። መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ቀጥታ ድጋፉ ብዙ ቤት ከረሃብ ያዳነ ነው፤ ይቅር እያልኩ አይደለም። ችግሩ አንድ እጅ ያጣ የ25 ዓመት ወጣት ያለ ምንም ምርመራ ከሽማግሌዎቹ ጎን «የማይችል» ተብሎ ሲመዘገብ ነው። የዚህ ሸለቆ ሥራ ሁሉ ቁፋሮ አይደለም። ማሾ መልቀምና ማበጠር፣ ሽንኩርት መለየት፣ የመስኖ ተራ መቆጣጠር፣ የሥራ ሰዓት መመዝገብ፣ የሠራተኞችን ሕፃናት መጠበቅ ተቀምጦም ይሠራል። ወጣቱ ራሱ «ብሠራ ድጋፉ ይነሳብኛል» ብሎ የሚፈራው ፍርሃት ግን እውነተኛ ነው፤ ወረዳው ሥራውን ሲሰጥ ድጋፉ ወዲያው እንደማይቋረጥ ማረጋገጥ አለበት።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ሊመዘን ይገባል። «ከበድ ያለ ጉዳት ያለበትን ሰው ሥራ ማለት ግፍ ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ጨርሶ ከአልጋ የማይነሳ አለ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ከዓመት ዓመት በጀርባዋ አዝላ የምትውል እናትም አለች። ለእነሱ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይሆን እረፍት ነው፤ እናቲቱ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ገበያ እንድትወጣ ልጁን የሚይዝላት ጎረቤት። የኔ ነቀፋ የሚያርፈው በጅምላ ፍርዱ ላይ ነው። ማን ምን እንደሚችል ሳይጠየቅ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ጎን መደረጋቸው ላይ።

«መጀመሪያ ሰላም፣ መጀመሪያ ውሃ»

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይኸኛው ነው። አካባቢው ግጭት ሰልችቶታል፤ ድርቅ ይመላለስበታል፤ ጤነኛው ሰው ውሃ ሳያገኝ ስለ ተደራሽነት ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። አነጋገሩ ውሃና ተደራሽነት ለየብቻ የቆሙ አድርጎ ይቆጥራል። ቦኖ ሲሠራ መሠረቱ ከፍ ብሎ ዙሪያው በጭቃ ከተከበበ በክራንች የሚሄደው ሰው ውሃው ደጁ ደርሶም አላገኘም። ቧንቧው ዝቅና ከፍ ብሎ በሁለት ቦታ ቢወጣ፣ ወደ እሱ የሚወስደው አምስት ስድስት ሜትር በጠጠር ቢደለደል ለአንዲት ቦኖ የሚጨምረው ወጪ ስንት ነው? የሚጠቅመውስ እሱን ብቻ ነው? ነፍሰ ጡሯ፣ ጄሪካን ይዛ የምትንገዳገደው ሕፃን፣ አዛውንቷ ሁሉ ይመቻቸዋል።

መጸዳጃ ቤቱን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው፤ ስለማይወራ ነው። እግሩ ሽባ የሆነና በእጁ እየዳኸ የሚንቀሳቀስ ሰው ወደ ተለመደው የጉድጓድ መጸዳጃ ሲገባ ሁለት መዳፉን የሚያሳርፈው ሌላው ሰው እግሩን ባሳረፈበት እርጥብ ወለል ላይ ነው። በዚያው እጅ ይበላል፤ በዚያው እጅ ልጁን ያቅፋል። ብዙዎች ይህን በመሸሽ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም፤ ሴቶች ደግሞ እስኪመሽ ይጠብቃሉ። መፍትሔው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። መሐሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር፣ ግራና ቀኝ ሁለት መደገፊያ እንጨት፣ ከቤቱ እስከ መጸዳጃው የተዘረጋ ገመድ ለዓይነ ስውሩ፤ የመንደር አናጺ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖረዋል፤ በዚያው ዙር «ይህን መጸዳጃ መጠቀም የማይችል ሰው ቤታችሁ አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ሥራው ይጀመራል።

ስለ ሰላሙም ያው ነው። ጥይት ሲተኮስ ሰው ይሸሻል፤ የሚቀረው መሮጥ የማይችለው፣ ተኩሱን ያልሰማው፣ መንገዱን የማያየው ነው። ሰላም እስኪሰፍን ይጠብቁ የምንላቸው በሰላም እጦት ቀድመው የሚጎዱት ናቸው።

ከሸለቆው ሳይወጡ መማር

በደቡብ ወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዓይነ ስውር የሆኑት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲያገኙ ወሎ ሁሉ ኮርቷል። ኩራቱ ይገባል። ግን የተማሩት ከትውልድ መንደራቸው ርቀው ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ጎበዝ ልጅ ለመማር አገር አቋርጦ መሄድ ካለበት የሚሄደው ዕድለኛው ብቻ ነው፤ የሌሎቹን ስም አናውቀውም።

በጨፋ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ገጽ አለው። የዞኑ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ይከተላሉ። ዓይነ ስውሩ ልጅ በአማርኛ ብሬል ብቻ ወደሚያስተምር ሩቅ ትምህርት ቤት ቢላክ ማንበብ ይማራል፤ እናቱ በምትናገረው ቋንቋ ግን ማንበብ ሳይችል ይመለሳል። የቁቤ ብሬል በላቲን ፊደላት ላይ የቆመ በመሆኑ ለእንግሊዝኛውም መሠረት ይሆነዋል፤ ሁለቱን የሚያውቅ አንድ መምህር ከሚሴ፣ አንድ ባቲ ቢመደቡ ልጆቹ ከቤተሰባቸው ሳይነጠሉ ይማራሉ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ደግሞ አስተማሪ ብቻ አይበቃም። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ከሌለ ቋንቋው ከትምህርት ቤቱ አጥር አያልፍም፤ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆችና እኩዮቹ አብረውት የሚማሩበት ክፍል ያስፈልጋል።

ሕክምናውም ከዚሁ ይቆጠራል። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ደሴ ነው፤ ከከሚሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል። ርቀቱ በራሱ አያስፈራም። ነገር ግን የክራንቹ ጎማ ጫፍ አልቆ የሚያንሸራትተው ሰው አጃቢ ይዞ፣ ለሁለት ሰው ከፍሎ፣ ማደሪያ ፈልጎ ከሄደ ለአንዲት ቁራጭ ጎማ የወር ገንዘቡ ያልቃል። ስለዚህ አይሄድም፤ ክራንቹን ጥሎ ቤቱ ይቀመጣል። ከማዕከሉ አንድ ባለሙያ በወር አንድ ቀን ከሚሴ ሆስፒታል መጥቶ ቢጠግንና ቢለካ፣ ሌላ ወር ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ በሚሰበሰብበት በባቲ ሰኞ ቢገኝ፣ ይህ ሰው እንደገና ይወጣል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በዚህ ሸለቆ ተደራሽነት ለመዘግየቱ የአቅም ማነስ አቅም ላላቸው የግንባታ ባለቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ለቅሬውና ለመስጊዱ ደግሞ ገንዘብ ከነጭራሹ ጥያቄ አይደለም። የከተሞቹ የሕንፃ ሹሞች ከዛሬ ጀምሮ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ለሌለው ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይስጡ። የወረዳ ኃላፊዎች አዲስ ቦኖም ሆነ መማሪያ ክፍል ከመሠራቱ በፊት ፕላኑን አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው ባሉበት ያሳዩ። የቅሬ ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ «ይቅርለት» ተብለው ከመዝገቡ የወጡትን ጎረቤቶቻችሁን ስም በስም ጥሩ፤ የሚችሉትን ጠይቁና ሥራ ስጧቸው፤ መዋጮም አስከፍሏቸው።